ቆቃ ላይ ዓሣ ሲጎራረሱ ያገኘኋቸው ጠበኞች

የዚያን ቀን የቴሌቪዥን ክርክር ስለ ምን እንደነበረ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ታሪኩን እንኳ ሳልጀምረው ጎን ትይዛላችሁ። ግማሻችሁ ከባለቤቴ፣ ግማሻችሁ ከቱፋ ጋር ትሆኑና እኔ መሀል ላይ ብቻዬን እቀራለሁ። መሀል ላይ ብቻን መቅረትን ደግሞ አንዴ ቀምሼዋለሁ፤ ይበቃኛል።

ዘነቡ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ መጋረጃ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ግርማ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ከቱፋ ጋር የተዋወቁትም እዚያ ነው። ሁለቱም ጎረምሳ ሳሉ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ብስክሌት ገዝተው፣ አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ ተፈናጥጦ ነው የኖሩት። እኔና ግርማ ስንጋባ ሚዜው ቱፋ ነበር። በኋላ ቱፋ ሥራውን ለቀቀና አርሲ ነገሌ ገብቶ እህል ነጋዴ ሆነ፤ ወዳጅነታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። እግዜር ሲያድለን ደግሞ የእኔ ዮናታንና የቱፋ ልጅ ሌንሴ ተዋደዱ። ልጆቹ ነገሩን ሲያሳውቁን የሁለቱን አባቶች ደስታ ያየ ሰው፣ የሚጋቡት እነሱ ራሳቸው ናቸው ብሎ ነበር የሚያስበው። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ፤ የጥሪ ካርዱም ታተመ።

እንግዲህ ግርማ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድ አመል አምጥቶ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥና የፖለቲካ ትንታኔ ይከታተላል። እኔ ድሮ የማውቀው ትንታኔ ከረቫት ያሰሩ ሰዎች «ከወንድሜ ሐሳብ በጥቂቱ እለያለሁ» እየተባባሉ እኛን የሚያስተኙበት ነበር። ይሄኛው ግን አያስተኛም፤ የተኛ ሕፃን ይቀሰቅሳል። ሁለት ተንታኞች አሉ። አንደኛው አቶ ስንታየሁ ይባላል፤ ጣቱን ካሜራው ውስጥ እስኪሰካ ድረስ እየቀሰረ «ዝም በል፣ ላስተምርህ!» የሚል ሰው ነው። ሁለተኛው አቶ ገመዳ ነው። እሱ ደግሞ ወረቀቱን ይበትንና «ከአንተ ጋር አንድ ጠረጴዛ መቅረቤ ለእኔ ውርደት ነው!» ይላል። መሀላቸው ያለው አወያይ ጠቡ ሲጦፍ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ፈገግ ይላል። ለእርቅ የተቀመጠ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቦታ እየለቀቀላቸው ነው።

ግርማ የስንታየሁ ነበር። ቱፋ የገመዳ ነበር። እስከዚያች እሁድ ድረስ ግን ይህ ለቀልድ ከመሆን አላለፈም።

ጥቅምት ላይ ቱፋና ባለቤቱ ጫልቱ ስለ ሠርጉ ሊመክሩ አዳማ መጡ። ምሳ አቀረብኩ። ክፋቱ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር፤ ክፋቱ ደግሞ እሁድ ነበር። እኔና ጫልቱ ስለ ድንኳን እያወራን ሳለ ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተከራከሩ፣ ከዚያ ድምፃቸው ከተንታኞቹ ድምፅ ጋር ተደባለቀና የቱ የሳሎን፣ የቱ የስቱዲዮ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ቱፋ ጉርሻ ጠቅልሎ ሊያጎርሰው እጁን ወደ ግርማ እየዘረጋ «አሁን ይቺን ብላና ልንገርህ» ሲል፣ ግርማ ጣቱን ቀስሮ፣

«ዝም በል፣ ላስተምርህ!» አለው።

ቱፋ የያዘውን ጉርሻ አየው። መልሶ ገበታው ላይ አስቀመጠና እጁን ታጠበ።

«ከአንተ ጋር አንድ ገበታ መቅረቤ ውርደት ነው» አለ። እንደ ገመዳ አልጮኸም፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው። «ልጄንም አልሰጥም።»

ጫልቱ እያለቀሰች ተከትላው ወጣች። ግርማም «ይሂድ፤ እውነት ስለመረረው ነው» ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። እዚያም አቶ ስንታየሁ ስለ እውነት መራራነት እየተናገረ ነበር።

ቀናት አለፉ። ሁለቱም አይደዋወሉም። ዮናታን ምግብ ተወ። ሌንሴ ስልክ ደውላ ታለቅሳለች፤ «እትዬ ዘነቡ፣ አባዬ የሠርጉን ካርድ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅሎ አላይም አለ» ትለኛለች። ያለ አባቷ ምርቃት እንደማታገባ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ግርማን ደውል ብለው «እኔ ያልኩት ስህተት የቱ ላይ ነው?» ብሎ ክርክሩን ከመጀመሪያው ይጀምርልኛል። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ጠዋት ለግርማ ሳልናገር ተነሣሁ። የሰፈራችን ሚኒባስ ሾፌር ከድር ነገሌ ድረስ ሊያደርሰኝ ተስማማ። ጫልቱን ይዤ ቱፋ እግር ላይ ልወድቅ ነበር ሐሳቤ።

ቆቃ ስንደርስ ከድር መኪናውን ወደ አንድ ዓሣ ቤት አዞረ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ለልመና የሚሄድ ሰው ጠግቦ ነው የሚሄደው። የራበው ለማኝ ቶሎ ይናደዳል» አለኝ።

ገብተን ተቀመጥን። ጥግ ላይ ሁለት ጎልማሶች ሙሉ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ አስቀርበው ይበላሉ። አንደኛው ባርኔጣውን ዝቅ አድርጓል። ሌላው ዓሣውን በጥንቃቄ እየፈለቀቀ አጥንቱን ያወጣና ለጓደኛው ፊት ፊቱ ይደረድርለታል።

«መነጽርህን ረስተህ መጥተህ አጥንት ሊያንቅህ ነው» ይለዋል። «እንካ፣ ይቺ ንጹሕ ናት። በሞቴ።»

አጎረሰው። ባርኔጣ ያደረገው ጎረሰና በተራው ጠቅልሎ፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ መለሰለት። እነዚህስ ምን ዓይነት የተባረኩ ወንድማማቾች ናቸው እያልኩ ስመለከት፣ አጥንት የሚለቅመው ሰውዬ አስተናጋጁን ለመጥራት ጣቱን ቀሰረ።

ያቺን ጣት አወቅኋት። እሁድ እሁድ ሳሎኔ ውስጥ የምትወዛወዝ ጣት ናት።

«ከድር፣ እኔ የማየውን ታያለህ?»

«ባርኔጣ ያደረገው ገመዳ ነው» አለ ከድር፤ ያነሣውን ውሃ እንኳ ሳይጠጣ።

ተነሥቼ አጠገባቸው ሄድኩ። ሁለቱም ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«ኖር፣ እናቴ» አለ አቶ ስንታየሁ፣ ወንበሩን እየሳበልኝ።

በቴሌቪዥን ለሦስት ቃል እንኳ ቦታ የማይለቅ ሰው ወንበሩን ለቀቀልኝ። «በእግዜር» ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እናንተ ጠበኞች አይደላችሁም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ።

አቶ ገመዳ ግራ ቀኙን አየ። «እናቴ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ። ሰው ይሰማል።»

ቀስ በሉ የሚለው እሱ ነው እኮ። ሳቄ መጣ፤ እንባዬም መጣ።

«የልጄ ክርስትና አባት ነው» አለ ገመዳ ወደ ስንታየሁ እያመለከተ። «ከተዋወቅን ሃያ ዓመት ሆነን።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ስድብ?»

«ሥራ ነው» አለ ስንታየሁ አንገቱን ደፍቶ። «መጀመሪያ ሲጋብዙን በወጉ ነበር የተወያየነው። ማንም አላየንም። አንድ ቀን ራሴን አሞኝ ኖሮ ጠረጴዛውን መታሁና ዝም በል አልኩት። ያቺ ቁራጭ ቪዲዮ አገሩን ዞረች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያች ቀን ካልሆናችሁ አሉን።»

እኔም የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። የወንጂውን ብስክሌት፣ የልጆቹን ፍቅር፣ የእሁዱን ምሳ። መጀመሪያ ላይ የራሳቸውን ቃል በእኔ አፍ ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ነበር። ቱፋ ጉርሻውን መልሶ ገበታ ላይ ማስቀመጡ ላይ ስደርስ ገመዳ እጁን ከዓሣው ላይ አነሣ።

«የልጆቹ ሠርግ ቀረ?» አለ።

«ይቀራል። እናንተ የቀደዳችሁትን እኔ ብቻዬን አልሰፋውም። ተነሡ፤ ሽማግሌ ሆናችሁ ነገሌ ትሄዳላችሁ።»

ተያዩ። ገመዳ አብረው ከታዩ እንጀራቸው እንደሚዘጋ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ስንታየሁ ደግሞ ተንታኝ ነውና ማምለጫ አገኘ።

«ሽማግሌ ሦስት ነው እናቴ። እኛ ሁለት ነን።»

ከድር ከወዲያ ጠረጴዛ እጁን እየጠራረገ ተነሣ። «ሦስተኛው እኔ ነኝ» አለ። «መኪናውም የእኔ ነው።»

እንዲህ ሆኖ የአገሪቱን ሁለት ጠበኞች ጭነን መቂንና ባቱን አለፍን። ከተማ በገባን ቁጥር የሚኒባሱን መጋረጃ ይጋርዳሉ። መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ይጠቅማል ብዬ ግን አልነበረም።

አርሲ ነገሌ ስንደርስ ቱፋን ከመጋዘኑ ፊት ለፊት፣ ጆንያ ሲያስጭን አገኘነው። ጫልቱ ከጓሮ ወጥታ «አካም ጅርቱ» እያለች አቀፈችኝ። ቱፋ እኔን ሲያይ ፊቱን ሊያዞር ነበር፤ ግን ከኋላዬ ባርኔጣውን አውልቆ የሚወርደውን ሰው አየ።

«አቶ ገመዳ?» አለ። ፊቱ በራ። «ያለሁበት ድረስ መጡልኝ?» እጁን በልብሱ ጠርጎ ሊጨብጠው ሲራመድ አቶ ስንታየሁ ከሚኒባሱ ጎንበስ ብሎ ወጣና፣ ጭራሽ የገመዳን ትከሻ ተደግፎ ቆመ። የቱፋን ፊት ያን ጊዜ ባታዩት ይሻላል። አሳዘነኝ።

ጫልቱ ወንበር አመጣች። ከድር እጁን አነሣ። «ሽማግሌ ነን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«እንግዲያስ ቁሙ» አለ ቱፋ፣ ራሱ ጆንያ ላይ ተቀምጦ። «ማን ነው የሚናገረው?»

«አንተ ጀምር» አለ ገመዳ።

«ኧረ በፍጹም፣ አንተ እያለህ» አለ ስንታየሁ።

«በሞቴ፣ አንተ ቅደም።»

«እንዴት ተደርጎ።»

ቱፋ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየ። «እሁድ እሁድ አንዳችሁ ለሌላችሁ አንድ ቃል ስትለቁ አይቼ አላውቅም» አለ። «ዛሬ መናገሩን እንደ ጉርሻ ትገባበዛላችሁ። ጨዋታ ነበር ማለት ነው? እኔ የወጣትነት ጓደኛዬን ያጣሁት በጨዋታ ነው?»

«ሥራችን ሆኖ ነው» አለ ገመዳ በዝግታ።

«እኔም ሥራ አለኝ። ስንዴ ላይ ጠጠር ብቀላቅል ሚዛን ይደፋልኛል። ገዢው ጥርሱ ሲሰበር ግን ሥራዬ ነው ብዬ አልመልስለትም።»

የአገር አፈ ቀላጤዎች ቆመው መሬት መሬት አዩ። ከድር ብቻ «ልክ ነህ» አለ፤ ከማን ወገን እንደመጣ የረሳ ይመስላል።

ቱፋ ቀጠለ። «ግርማ የፈለገውን ይመን። በዚያ አልተቀየምኩም። እኔ ላጎርሰው እጄን ዘርግቼ ሳለ ነው ዝም በል ያለኝ። በራሱ ቤት፣ በሚስቴ ፊት። ሽማግሌ አልፈልግም። ከራሱ አፍ ነው የምፈልገው።»

ስንታየሁ ወደ እኔ ዞረ። «ስልኩን ይስጡኝ እናቴ። ባለቤትዎ እኔን ይወደኛል አላሉም? እኔ እነግረዋለሁ።»

ደወልኩና ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ሰጠሁት።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ግርማ» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ስንታየሁ ነኝ። የቴሌቪዥኑ። እንዴት ዋሉ? አንድ ነገር ልለምንዎ ነበር።»

ግርማ ግን አላመነም። «ከባለቤቴ ስልክ ነው የምትደውለው፤ ማነህ አንተ? አቶ ስንታየሁን እኔ አውቀዋለሁ። እንዲህ የሚለማመጥ ሰው አይደለም። ስሙን አታጥፋ።» ዘጋው።

ሦስቴ ደወለለት። በለሰለሰ ቁጥር ግርማ ይብስበታል። በመጨረሻ «ሌባ ነህ፤ ሚስቴን ምን አድርገሃት ነው?» ብሎ ጮኸ። ስንታየሁ ላብ አጠመቀው። ምን ማድረግ እንዳለበት ሁላችንም ገብቶናል፤ ማለት ግን አልቻልንም። ቱፋን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው አየው። ቱፋ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ስንታየሁ ጣቱን ሰማይ ላይ ቀሰረና፣

«ዝም በል፣ ላስተምርህ!» አለ።

መጋዘኑ ጣሪያ ላይ የነበሩት ርግቦች ብር ብለው ተነሡ። ጆንያ ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ስልኩ ውስጥ ምንም አይሰማም፤ የተዘጋ መስሎኝ አየሁት፤ አልተዘጋም። ብዙ ቆይቶ የግርማ ድምፅ መጣ፤ ቀጥኗል።

«ዘነቡ፣ እዚያ ነሽ?»

«አለሁ።»

«እኔ ለቱፋ ያልኩት እንዲህ ነበር?»

«እንዲሁ ነበር። ያንተ ድምፅ ብቻ ትንሽ ይሰነጠቅ ነበር።»

«እኔን ያለኝ ሰው በአካል የማላውቀው ሰው ነው። ያውም በስልክ» አለ። «ፊቴ እሳት ሆነ። ጓደኛዬን እኮ ነው እኔ ያልኩት።» ግርማ ሲያለቅስ አውቀዋለሁ፤ አፍንጫውን ሽቅብ ይስባል። «ቱፋ ይሰማኛል?»

ቱፋ ጉሮሮውን ጠርጎ ሳለ።

«ሳሉን አወቅሁት» አለ ግርማ። «መጣሁ።»

ያን ጊዜ ቱፋ ከጆንያው ተነሥቶ ወንበሮቹን በእጁ አስጠጋ። «እንግዲህ ተቀመጡ» አላቸው ለሽማግሌዎቹ። ስንታየሁም ሲቀመጥ፣ ያን ቃል ስንት እሁድ ተናግሮት፣ መልሱን ሲሰማ የመጀመሪያው ቀን እንደሆነ ነገረኝ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ተንታኞቹም መጡ፤ አንዱ በዋናው በር፣ አንዱ በወጥ ቤት በኩል፤ ፎቶ እንዳይነሡ። የወጥ ቤቱ ሰው ገመዳ ነበረና ወጥ ሲወጣ ከእኔ ጋር ቆሞ ተቆጣጠረ። አቶ ስንታየሁን መርቅ ብለን ብናስነሣው ድምፁ ከሦስተኛው ወንበር አላለፈም፤ «ጮክ በል!» እያሉ አስቸገሩት።

እሁዶቹስ አትሉኝም? ከነገሌ መልስ ባለው እሁድ እኛም እነ ቱፋም ልባችንን አንጠልጥለን አየናቸው። ስንታየሁ ጣቱን አነሣ፣ «ዝ...» አለና ውሃ ጠጣ። ገመዳ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጨረሰ። አወያዩ ደነገጠ፤ ሕመም መሰለው መሰለኝ። ጥቂት ሳምንታት እንዲህ ሰው ሆነው ቆዩና ከፕሮግራሙ ተነሡ። በቦታቸው ሁለት ወጣቶች ተቀምጠዋል፤ እነዚህስ ወንበርም ይገፋሉ። ግርማ አሁንም ያያል፤ አልከለከልኩትም። ግን ጩኸቱ ሲጦፍ ወደ እኔ ዞር ይልና፣ «እነዚህ ደግሞ ዓሣ የሚበሉት የት ይሆን?» ይለኛል።

እናንተም፣ አንባቢዎቼ፣ ይቺን ጥያቄ ከእኔ ተበደሯት። እኔ ከዚያ ቀን በፊት በቴሌቪዥን የተባለ ነገር እዚያው ግድግዳው ላይ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። አይቀርም። ወርዶ ገበታ ይቀርባል። እነሱ ተሰዳድበው ዓሣቸውን ተጎራርሰው ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ እኛ ግን ስድቡን የተማርነው ያለ ዓሣው ነው። ለዚህ ነው አሁን እንግዳ ሲመጣ ገበታ ሳላቀርብ በፊት ቴሌቪዥኑን የማጠፋው። ግርማ አንዳንዴ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

ግርማ ነገሌ የደረሰበትን ምሽት ሳልነግራችሁ ግን አልሄድም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የገባው፤ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ። ቱፋ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀው። አልተቃቀፉም። ጫልቱ እራት አቀረበች። ግርማ እጁን ታጠበና አንድ ጉርሻ ጠቀለለ፤ እንዲያ ያለ ትልቅ ጉርሻ በሕይወቴ አላየሁም። እጁን ዘረጋለት። ቱፋ አፉን ከፈተና ተቀበለው። ጉንጮቹ ተነፉ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከጉርሻው ይሁን ከሌላ አላውቅም። እንደምንም አላምጦ፣ ግማሹ አፉ ውስጥ እያለ ግርማን ትክ ብሎ አየውና፣

«አሁን አፌ ሙሉ ነው» አለው። «ማስተማር ከፈለግክ፣ አስተምረኝ።»

ግርማ አፉን ከፈተ። የሚያስተምረው አጣና፣ አፉን እንደከፈተ ወደ ጓደኛው ተጠጋ። ቱፋም እጁን ወደ ገበታው ሰደደ።